የደቡቡ መስኮት ስንጥቅ

አርዲስ በየማለዳው ቡና ከመቅዳታቸው በፊት ኩባያቸውን ይገለብጡና መዳፋቸው ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጉታል። ከዚያ ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርገው ውስጡን ያያሉ። አብዛኛውን ጊዜ ምንም የለም። አንዳንድ ቀን ግን ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት አንዲት ቀይ ጥንዚዛ፣ እግሯን አጣጥፋ፣ እንደ ምስር ፍሬ መዳፋቸው ላይ ዱብ ትላለች። አርዲስ መስኮቱ ደፍ ላይ ወዳለው የጃም ጠርሙስ ይጥሏትና ክዳኑን ይዘጋሉ። ቡናቸውን ይቀዳሉ።

ጥንዚዛ በሌለበት በሐምሌም ያደርጉታል። በሰው ቤትም ያደርጉታል። አንድ እሁድ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት፣ ከጸሎት በኋላ፣ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ማቪስ ዓይናቸው እያየ አደረጉት።

"አርዲስ፣ ኩባያዎቹን ያጠብኳቸው እኔ ነኝ" አሉ ማቪስ። "ያውም ሁለት ጊዜ።"

"አውቃለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ነው።"

"ካገኘሽ ለእኔም አሳዪኝ። ሥጋ ያለበት ቡና ጠጥቼ አላውቅም።"

ሴቶቹ ሳቁ። አርዲስም ሳቁ። ከዚያ ማቪስ ሳህን እየደረደሩ፣ ክፋት ሳያስቡ፣ "በኮሪን ጊዜ የነበሩት ጥንዚዛዎች እኮ ጨዋ ነበሩ" አሉ። "ጥቂት ናቸው፣ አይነክሱም። እነዚህ የአሁኖቹ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው።" አርዲስ ኩባያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ቡናውን አልጠጡትም።

አርዲስ የአያቴ የሌላንድ ሁለተኛ ሚስት ናቸው። የመጀመሪያዋ ኮሪን የእናቴ እናት ነበሩ። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ አረፉ። ዘንድሮ ቤተ ክርስቲያናችን መቶ ሃያ አምስት ዓመት ስለሚሞላው የአረጋውያኑ ሕይወት በአንድ አንድ ገጽ ተጽፎ መጽሔት ይውጣ ተባለና፣ ዩኒቨርሲቲ ግጥም ተምረሻል ተብሎ ለእኔ ሦስት ሰዎች ደረሱኝ። አርዲስ ሦስተኛዋ ነበሩ። ለመጠየቅ ስሄድ መጀመሪያ ያዩት አገጬን ነው። የኮሪን አገጭ ነው፤ ሁሉም ሰው ይለዋል።

የአያቴ ቤት ነጭ የእንጨት ቤት ነው፤ በሦስት ወገን የአኩሪ አተር እርሻ ከቦታል። ጥቅምት ላይ ኮምባይነሮቹ አዝመራውን ሲያነሱት፣ ከቅጠሉ ላይ ክሽክሽ የሚባለውን ትንሽ ተባይ ሲለቅሙ የከረሙት ጥንዚዛዎች ቤት አልባ ይሆናሉ። ተነስተው ፀሐይ የመታው ነጭ ግድግዳ ይፈልጋሉ። ሞቅ ባለ ከሰዓት በኋላ የቤቱን የደቡብ ግድግዳ ሸፍነው ሲርመሰመሱ ግድግዳው ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል። ላይኛው ፎቅ የስፌት ክፍል አለ፤ በመስኮቱና በግድግዳው ጣውላ መካከል ደግሞ ጣት የማያስገባ፣ ክንድ የሚያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ። በዚያ ይገባሉ። ብርዱን ግድግዳው ውስጥ ተዛዝለው ይተኛሉ። በመሀል ፀሐይ ጠንከር ያለች ቀን ግን ብርዱ ያለፈ መስሏቸው ይነቁና አንድ አንዳቸው በክፍሉ በኩል ወደ ቤቱ ይወጣሉ። የአርዲስን ኩባያ የሚያገኙት እነዚህ ናቸው።

አርዲስ እስከ ስልሳ አንድ ዓመታቸው አላገቡም። ሠላሳ አራት ዓመት በጎረቤት ከተማ የትምህርት ቤት ምሳ አብስለዋል። ይኖሩ የነበረው ከቀለምና ምስማር መሸጫ ሱቅ በላይ፣ በተከራዩት ሁለት ክፍል ውስጥ ነው። አያቴ ያገኟቸው የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች ባዘጋጁት የፓንኬክ ቁርስ ላይ፣ ምጣዱ ዘንድ ቆመው ሲጋግሩ ነው። አያቴ ቀምሰው "መጥፎ አይደለም" አሏቸው። በእኛ አገር ሰው እንዲህ ካለ ከዚያ በላይ ምስጋና የለም። በስድስት ወራቸው ተጋቡ።

ወደ ቤቱ ያመጡት ሁለት ካርቶንና አንድ ሰማያዊ ወንበር ነው። ወንበሩ ክንዱ ሰፊ፣ ተቀምጠው ካልሲ የሚጥፉበት ዓይነት ነው። በብርዱ ወራት ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የምትገባው የስፌት ክፍሉ ውስጥ ብቻ መሆኑን አርዲስ በመጀመሪያው ሳምንት አይተዋል።

"ወንበሬን እዚያ ላድርገው?" አሏቸው አያቴን።

"እዚያ እንኳ አይሆንም። ጥንዚዛ ነው የሞላው።"

"ስንጥቁን ድፈነዋ።"

"እደፍነዋለሁ። በረዶው ይቅለጥ።"

በረዶው ቀለጠ። ዘር ደረሰ። ከዘሩ በኋላ አረም፣ ከአረሙ በኋላ አጨዳ፣ ከአጨዳው በኋላ እንደገና በረዶ። ስምንት ዓመት እንዲህ ሄደ። ሰማያዊው ወንበር ኮሪደሩ ላይ የካፖርት መጫኛ ሆኖ ቀረ።

ሰውየው ሰነፍ ቢሆኑ ኖሮ አርዲስ በተዉት ነበር። አያቴ ግን የጎረቤት ጣሪያ ማፍሰሱን ሲሰሙ ሳይጠሩ መዶሻ ይዘው የሚሄዱ ሰው ናቸው። የዶሮ ቤቱን በር በአንድ ከሰዓት በኋላ ለውጠዋል። ጫማቸውን ራሳቸው ይሰፋሉ። "ታዲያ አንዲት ስንጥቅ ስምንት ዓመት የምትፈጀው ለምንድን ነው?" አሉኝ አርዲስ፣ አሁንም እንደ ትኩስ ቁስል። "ምክንያት አለው አልኩ። ምክንያቱን ደግሞ ፈልጌ አላጣሁትም።"

ምክንያቱ ቤቱን ሞልቶት ነበር። የጥንዚዛ ምስል የተጠለፈበት ትራስ። የጥንዚዛ ቅርጽ ያለው የጨው ዕቃ። ቁጥሮቹ በሙሉ ጥንዚዛ የሆኑበት የግድግዳ ሰዓት። የበር ምንጣፍ፣ የማሰሮ ጨርቅ፣ የሻማ ማስቀመጫ። አርዲስ አንድ ቀን ቆጠሯቸው፤ አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። ሁሉም የኮሪን። አርዲስ አስበው አስበው የደረሱበት ይህ ነው፦ ኮሪን ጥንዚዛ ይወዱ ነበር፤ አያቴ የሚስታቸውን እንግዶች በር መዝጋት አልሆነላቸውም። የስፌት ክፍሉ የሟች ክፍል ነው፤ ስንጥቁም የሟች በር።

እና አርዲስ ይቀኑ ነበር። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። ይቀኑ የነበረው በሁሉም ነገር ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ምግብ ይዞ የሚመጣ ሰው ሳህኑ እንዳይጠፋበት ከሥሩ በተለጠፈ ፕላስተር ላይ ስሙን ይጽፋል። በአያቴ ቤት ያለው ሳህን ሁሉ ከሥሩ "ኮሪን" ይላል። አርዲስ አንድ ቀን ከትልቁ ሳህን ላይ ፕላስተሩን ልጠው "አርዲስ" ብለው ጻፉና ድንች ጋግረውበት ሄዱ። ከምሳ በኋላ ማቪስ ሳህኑን አጥበው፣ ሥሩን ሳያዩ፣ በሰው መሀል ከፍ አድርገው ያዙት። "የኮሪን ሳህን ይኸው። የትም ባየው አውቀዋለሁ።"

"በቁሟ ያለች ጣውንት ብትሆን እኮ ጥሩ ነው" አሉኝ አርዲስ። "ታረጃለች። ታኮርፋለች። አንድ ቀን ምግብ ታሳርራለች፣ ደስ ይልሻል። የሞተች ጣውንት ምን ታሳርራለች?"

ባለፈው ጥቅምት አያቴ የጎረቤታቸውን የኬንትን አኩሪ አተር ለማጨድ ሁለት ቀን ሄዱ። አርዲስ ከድሮ ቤታቸው ሥር ካለው ሱቅ ሁለት ቱቦ ነጭ የስንጥቅ መድፈኛ ሲሊኮን ከመጭመቂያው ጋር ገዝተው ወንበሩ ላይ ባለው ካፖርት ሥር ደብቀውት ነበር። ረጅሙን መሰላል ከጎተራው ጎትተው አወጡና የደቡቡ ግድግዳ ላይ አቆሙት። ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። መሰላሉን የሚይዝላቸው ሰው አልነበረም። ጥንዚዛዎቹ እጅጌያቸው ላይ፣ አንገታቸው ላይ፣ መነጽራቸው ላይ ሄዱ። አርዲስ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ሠላሳ አራት ዓመት ኬክ ላይ ክሬም እንደጨመቁት አድርገው፣ ስንጥቁን ከላይ እስከ ታች ደፈኑት። ሁለተኛውን ቱቦ ደገሙበት። ወርደው ሲያዩት ትንሽ ተጣሟል፤ ግን ተዘግቷል።

"ምን ተሰማዎት?" አልኳቸው።

"ደጃፏን የዘጋሁባት መሰለኝ" አሉ። "መልሳ እንዳትመጣ።"

ለአያቴ አልነገሯቸውም። አያቴም ቀና ብለው አላዩም።

ጥር ላይ፣ አንድ እሁድ፣ ፀሐይዋ ከወትሮው ጠንከር ብላ ወጣች። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ቀረብን፤ አያቴ፣ አርዲስና እኔ። አርዲስ፣ ማቪስ ለገና የሰጧቸውን ሽርጥ ለብሰዋል፤ ደረቱ ላይ ትልቅ ቀይ ጥንዚዛ አለበት። ሲቀበሉት "እንዴት ያምራል" ብለው ነበርና አሁን መልበስ ግድ ሆኗል። አያቴ ለጸሎት አንገታቸውን ሲደፉ አንዲት ጥንዚዛ ከመብራቱ ወርዳ ሳህናቸው ላይ አረፈች። "አሜን" ስንል አራት ሆነዋል። ድንቹን ሳንጨርስ መቁጠር ተውን። ከደረጃው ይወርዳሉ፤ ከመብራት ማብሪያው ጠርዝ ይወጣሉ፤ መጋረጃው ላይ እንደ ዶቃ ተደርድረዋል። አንዷ ጠረጴዛው ላይ ስትሄድ አርዲስ በማንኪያ ጀርባ ደፈጠጧት። ቢጫ ነገር ነጩ ጨርቅ ላይ ፈሰሰ፤ የሻገተ ለውዝ የሚመስል ሽታ ተነሳ።

"አትደፍጥጫት አርዲ" አሉ አያቴ። "ቢጫው አይለቅም።"

"የኮሪን ጨርቅ ስለሆነ ነው?"

"ጨርቅ ስለሆነ ነው።"

አያቴ ተነስተው ላይኛው ፎቅ ወጡ፤ ወረዱ፤ ኮታቸውን ለብሰው ወደ ውጭ ሄዱ። በመስኮቱ አየኋቸው። በረዶው ላይ ቆመው ወደ ላይ አንጋጠው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ሲመለሱ ጫማቸውን ሳያራግፉ ገቡ።

"ሲሊኮን አየሁ።"

"እኔ ነኝ" አሉ አርዲስ።

"መቼ?"

"ጥቅምት። ኬንት ጋ ስታጭድ።"

"ከገቡ በኋላ?"

አርዲስ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"ከገቡ በኋላ ከተደፈነባቸው" አሉ አያቴ፣ ሳይቆጡ፣ "መውጫቸው እኛ ነን።"

ይህን ከእርሻ ቤት የመጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሚደፈነው ጥንዚዛዎቹ ሜዳ ላይ ሳሉ፣ ከአጨዳ በፊት ነው። ከሱቅ በላይ የኖረ ሰው ግን ከየት ያውቀዋል? አርዲስ ፊታቸው ቀላ። የአቧራ መጥረጊያ ማሽኑን ከጓዳ እየጎተቱ ማምጣት ጀመሩ።

"ቆዪ፣ እንዲሁ አትሳቢያቸው" አሉ አያቴ። "ማሽኑ ውስጥ ከተፈጩ ሽታው እስከ ፋሲካ አይለቅም። ስቶኪንግ ያስፈልጋል።" ስቶኪንጉ ቱቦው አፍ ውስጥ ተከቶ ጠርዙ በላስቲክ ይታሰራል፤ ጥንዚዛዎቹ ሳይሞቱ እዚያ ይጠራቀማሉ። አያቴ ወደ ስፌት ክፍሉ ወጡና ከመሳቢያ አንድ እሽግ ይዘው መጡ። ያልተከፈተ ነው። ወረቀቱ በዕድሜ ቢጫ ሆኗል።

አርዲስ እሽጉን አዩት። ማሽኑን ወለሉ ላይ ለቀቁት።

"እኔ ስቶኪንግ የለኝም?"

"ቅርብ ያገኘሁት ይህን ነው።"

"ደረጃ ወጥተህ ያመጣኸው ነው ቅርብ?" አርዲስ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ፤ መውጫው በር በእነሱ በኩል ስለነበር ሌላ የምሸሽበት አልነበረኝም። "ስምንት ዓመት ሌላንድ። ስምንት ዓመት ኩባያዬን እገለብጣለሁ። የሟች ሚስትህን ጥንዚዛ እየለቀምኩ ነው ያረጀሁት። ትወዳቸው ስለነበር ልትዘጋባቸው አልፈለግህም። ይህን አንድ ቀን በአፍህ ብትነግረኝ ምን ነበር?"

"ማን ነች የምትወዳቸው?"

"ኮሪን ነቻ።"

አያቴ ከልባቸው ግራ የተጋቡ መሰሉ። "ኮሪን ትጠላቸው ነበር" አሉ።

ውኃውን ዘጋሁት።

"ትራሱስ? ሰዓቱስ? አሥራ ዘጠኝ ቆጥሬያለሁ።"

"ሰው ነው የሰጣት። መጀመሪያ ማቪስ የጨው ዕቃውን ሰጠቻት። ኮሪን 'እንዴት ያምራል' አለቻት። ከዚያ በኋላ በቃ፤ በየገናው፣ በየልደቷ። እምቢ ማለት አልቻለችም።"

አርዲስ ጎንበስ ብለው የለበሱትን ሽርጥ አዩ።

"ታዲያ ስንጥቁን ለምን ተውከው?"

አያቴ እሽጉን በጣታቸው ያገላብጡ ጀመር። ብዙ የሚናገሩ ሰው አይደሉም፤ ስለ ኮሪን ሲናገሩም ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

"ድፈነው ትለኝ ነበር። በየጥቅምቱ። እሺ እላታለሁ፤ በረዶው ይቅለጥ እላታለሁ። አሥራ ሰባት ጥቅምት። ሆስፒታል ተኝታ ሳለች እንኳ አንድ ቀን ነቅታ 'መስኮቱን' አለችኝ። ክፈትልኝ ያለች መስሎኝ የሆስፒታሉን መስኮት ከፈትኩላት።" የእሽጉን ጠርዝ በጥፍራቸው ጫሩት። "ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን መሰላሉን አወጣሁ። ቆምኩ። መልሼ አስገባሁት። ለእሷ ያልደፈንኩትን ለማን ልደፍነው?"

"ለእኔ ነዋ" አሉ አርዲስ።

አያቴ ቀና ብለው አርዲስን አዩዋቸው። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህ መልስ ይኖራል ብለው ያላሰቡ ይመስሉ ነበር።

አርዲስ እጃቸውን ዘረጉና እሽጉን ተቀበሏቸው። ራሳቸው ቀደዱት። ስቶኪንጉን ቱቦው አፍ ላይ አጥልቀው በላስቲክ አሰሩት፤ አያቴ ቱቦውን ያዙ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከክፍል ክፍል እየዞሩ ሰበሰቧቸው። ስቶኪንጉ ሲሞላ አርዲስ አፉን ቋጥረው ቀዝቃዛው ጎተራ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቀሉት፤ ጥንዚዛዎቹ ያቀሉት የስቶኪንጉ ተረከዝ ተንጠለጠለ። በሚያዝያ ከፈቱት። ግማሾቹ በረሩ።

ይህን ሁሉ እዚያው ሆኜ አይቻለሁ። የቀረውን የነገሩኝ ሰኔ ላይ ነው፣ በስፌት ክፍሉ ውስጥ፣ ሰማያዊው ወንበር ላይ ተቀምጠው። ወንበሩ አሁን መስኮቱ ሥር ነው። የመጽሔቱን ፎቶ እዚያው አነሳኋቸው።

"ደስ ሊልዎት ይገባ ነበር" አልኳቸው። "እሳቸውም እንደ እርስዎ ሲጠብቁ ነው የኖሩት።"

"አንድ ሳምንት ደስ ብሎኛል" አሉ። "በደንብ ተኝቻለሁ። ከዚያ ሳስበው ኮሪን ሌላ የምቀናበት ነገር ጨመረችብኝ። ጸጸቱን። ለእኔ ብሎ ምን ተጸጽቶ ያውቃል? በሰላም ነው የሚኖረው ከእኔ ጋር። በልቶ ይተኛል።" ሳቁ፤ ሳቃቸው እንጥፍጣፊ ነበር። "ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ ልጄ። ቢያውቁትም አይለቅም።"

ግንቦት ላይ፣ ግድግዳው ውስጥ የቀሩት ሁሉ ከወጡ በኋላ፣ አያቴ መሰላሉን አወጡ። ማንም አላስታወሳቸውም። የአርዲስን ጠማማ ሲሊኮን በቢላ ፋቁት፤ ስንጥቁን አጽድተው፣ ቀጭን የሽቦ ወንፊት ሸጉጠው፣ በላዩ አዲስ ሲሊኮን ጨመቁ። አርዲስ ከታች መሰላሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። መሬቱ ከዝናብ በኋላ ስለነበር የመሰላሉ እግር ትንሽ ሰመጥ ብሏል። አያቴ ሥራውን ጨርሰው በአውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች አለሰለሱት። ከዚያ፣ ለማንም እንዲሰማ ሳይሆን፣ "ይኸው ኮሪን" አሉ።

አርዲስ ይህን ነግረውኝ ወደ መስኮቱ አዩ። ስንጥቁ የነበረበት ቦታ የት እንደሆነ መለየት አይቻልም።

"እርስዎ ምን አሉ?" አልኳቸው።

"ምንም። ሲወርድ 'መጥፎ አይደለም' አልኩት። ደስ አለው።"

ማስታወሻዬን ዘጋሁ። ቡና ሊቀዱልን ተነሱ፤ የእኔንም ኩባያ ገልብጠው መዳፋቸው ላይ ሁለት ጊዜ መቱት። ወደ ውስጡ እያዩ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ "አንድ ነገር አለ፤ እሱን ግን አትጻፊው" አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ባወጣው ገጽ ላይም የለም።

ያን ቀን አያቴ የኮሪንን ስም ሲጠሩ አርዲስ ሁለት እጃቸውን ከመሰላሉ ላይ አነሱ። ስሙ ተጠርቶ እስኪያበቃ እጃቸውን አየር ላይ አቆዩ፤ ከዚያ መልሰው ያዙ።